የሐጅ ጨው

ኡስታ አልሲር ከኦምዱርማን ይመጡ ይሆን ወይስ ይቀሩ ይሆን የሚለው ሐሳብ ከቀትር ጀምሮ እግሬን አላሳርፍ ብሎኝ ነበር። ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው እመላለሳለሁ። በዚያ ሰሞን ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ድልድዮቹ በኮንቴይነር ይዘጋሉ፤ የትኛው እንደተዘጋና የትኛው እንደተከፈተ የሚነግረን ስልክ ብቻ ነበር፤ ስልኩም በየሩብ ሰዓቱ ሐሳቡን ይቀይራል።

«ኡስታዛ፣ ኩብሪው ተከፍቷል ተባለ» አለኝ ሙስዐብ፣ ሽንኩርት ከሚከትፍበት ጠረጴዛ ቀና ብሎ።

«ማን ነው ያለው?»

«የአጎቴ ልጅ።»

«የአጎትህ ልጅ ድልድዩ አጠገብ ነው?»

«አይ፣ ጂዳ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ቦታው በዴም ሠፈር ያለ የወጣቶች ክበብ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ስምንት ልጆች እየመጡ ምግብ ማብሰል ይማራሉ፤ ክፍያ የለውም። አብዛኞቹ እናታቸው የእኛ አገር ሰው፣ አባታቸው ሱዳናዊ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን ዐረብኛው ይቀድማቸዋል። አስተማሪያቸው እኔ ናስራ ነኝ። ደሴ ኬሚስትሪ ተምሬ ተመርቄአለሁ፤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ሳጣ ወደ ካርቱም መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በካፉሪ በአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አለሁ። እመቤቴ ሐጃ ነዕማት ለትምህርቱ ሦስቱን ከሰዓት በኋላ በበጎ ፈቃዳቸው ሰጥተውኛል።

ያ ቀን ከሌሎቹ ቀኖች የተለየ ነበር። ኡስታ አልሲር ኦምዱርማን ውስጥ የአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ናቸው። ልጆቹ ለመንገደኛ የሚያዘጋጁትን የረመዷን ኢፍጣር መጥተው ሊቀምሱ፣ ከስምንቱም አንድ መርጠው ከዒድ በኋላ በደመወዝ ሊያሠለጥኑ ቃል ገብተው ነበር። ለሰባቱ ይህ ጥሩ ዕድል ነው። ለሀዲል ግን ከዕድልም በላይ ነበር።

ሀዲል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ሀጀራ ብቻዋን አሳድጋታለች። ሀጀራ የአገሬ ልጅ ናት፤ በእረፍት ቀኔ የማርፈውም እሷ ዘንድ ነው። ከሳምንት በፊት ዕቃ እያጠብን ሳለ እንደ ዋዛ፦

«ናስርዬ፣ ለልጅቷ የምትሠራበት ቤት አግኝቼላታለሁ፤ እዚሁ አል-ጣኢፍ ሠፈር» አለችኝ። «ሽማግሌና ባልቴት ብቻ ናቸው። ክፍሏ ማቀዝቀዣ አለው። ከዒድ በኋላ ትገባለች።»

«ኡስታ አልሲር ቢወስዷትስ?»

«እሷን?» ሀጀራ በእርጥብ እጇ አፏን ሸፈነች። «አይ ናስርዬ! ጨው የምትረሳ ልጅ ማን አብሳይ ብሎ ይቀጥራታል? ከክበቡ የምታመጣውን የሙላሕ ወጥ ሁልጊዜ የማስተካክለው እኔ ነኝ እኮ። እጇ ጥሩ ነው፤ ልቧ ግን እዚያ የለም።»

«እነግራታለሁ» አልኳት።

ጨው እንዳትረሳ ነገርኳትም። ሀዲል አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ አንድም ቃል አልመለሰችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ወሰድኩት። ቤቱን አላየሁትም፤ ክፍሉን ግን አውቀዋለሁ። ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ለእኔም ተሰጥቶኝ ነበር፤ የገባሁትም ለአንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነበር። ስለዚህ ሀዲል አል-ጣኢፍ እንዳትገባ የምችለውን ሁሉ ለማድረግ ወስኜ ነበር፤ የምችለው ደግሞ በሥርዓት ማስተማር ነው ብዬ አምን ነበር።

ሥርዓቴ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የእያንዳንዱን ምግብ መጠን በካርቶን ላይ ጽፌዋለሁ፤ የውሃው በሊትር፣ የቅመሙ በማንኪያ። «ለአንድ ሊትር ሙላሕ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው» ይላል፣ በቀይ ቀለም። እጅ ይሳሳታል፤ ማንኪያ አይሳሳትም እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይህን አባባል ያውቁታል። አነስ የሚባለው፣ ከሁሉም ቀልደኛው፣ ገና አፌን ስከፍት ጣቱን አንሥቶ በእኔ ድምፅ ይጨርስልኛል። አንድ ጊዜ የሠሩትን ሲቀምስ ደግሞ፦

«ወላሂ፣ ይህን ሙላሕ የበላ በሽተኛ በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣል» አለ።

«ድኖ ነው?» አለችው አንዷ።

«አይደለም። ምግቡ ያው ከሆነ እቤቱ ሄዶ ቢተኛ ይሻለዋል ብሎ።»

አስወጣሁት። አሥር ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ገባ። በዚህ ከተማ ያደገ ልጅ ምላሱን ሸጣ የሚሉት በርበሬ አቃጥሎታል፣ የሚፋጅ ካልሆነ ጣዕም ያለው አይመስለውም አልኩ ለራሴ። በሀጀራ ቤት ስመገብም ምግቡ ባሕር ይመስለኝ ነበር፤ ድህነት ጨው ያበዛል ብዬ አስብ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ አስቤው ግን ነበር።

በዚያ ቀን የምናበስለው ተቀሊያ ነበር፤ ደርቆ የተፈጨ ሥጋና የደረቀ ባሚያ ዱቄት ያለበት፣ ሽንኩርቱ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሙላሕ። ከእርሱ ጋር የሚበላው ዐሲዳ ነው፤ ከኮመጠጠ የማሽላ ዱቄት የሚገነፋ። ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል። ኤሌክትሪክ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስለጠፋ የምናበስለው በከሰል ነው፤ ሙቀቱ አንገታችን ላይ ተለጥፏል። ሁላችንም ጾመኞች ስለሆንን መቅመስ የለም፤ ሁሉም ነገር በዓይን፣ በአፍንጫና በካርቶኑ ነው።

ሀዲል ድስቱን ታማስላለች። ካርቶኑ የሚለውን ጨው ሰፍራ ጨመረች። ማንኪያውን ግን አላስቀመጠችም።

«ኻልቶ ናስራ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። በክፍል ውስጥ ኡስታዛ ነው የምትለኝ፤ አክስቴ ብላ የምትጠራኝ ሲጨንቃት ነው። «ትንሽ ብጨምርበትስ?»

«ካርቶኑ ምን ይላል?»

«ካርቶኑማ ግማሽ ይላል።»

«እንግዲያውስ?»

ማንኪያውን አስቀመጠች። ዓይኗ ግን ከጨው ቆርቆሮው ላይ አልተነሣም፤ እኔም ያን ዓይን አይቼ ተቆጣሁ። እናቷ ረስተሻል ስላለቻት አሁን አብዝታ ልትክስ ነው አልኩ። ወደ በሩ ሄድኩ፤ መንገዱን አየሁ፤ ተመለስኩ። «ኩብሪው ተዘጋ» አለ ሙስዐብ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ለእግረኛ ክፍት ነው» አለ። አነስ የምንቀመጥባቸውን ሰሌኖች አውጥቶ መንገድ ዳር እያነጠፈ በማያቋርጥ ፉጨት ጆሮዬን ይበጣዋል።

ስልኬ የጮኸው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ኡስታ አልሲር መስለውኝ ሳላይ አነሣሁት። ሐጃ ነዕማት ነበሩ።

«ናስራ፣ ያችን ጨው የት አደረግሻት?»

«የትኛዋን ጨው፣ ሐጃ?»

«የገበታዋን። እንግዶች አሉብኝ፤ ልጆቼም በሙሉ መጥተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የለችም።»

ክዳኗ የተበሳሳ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ናት። ጠዋት አጥቤ እንድትደርቅ መስኮቱ ላይ አስቀምጫታለሁ። ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ሲራመዱም ይሰማኛል። «ያለ እሷማ አንቺ የሠራሽውን ከሐጅ በቀር ማን ያነሣዋል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሐጅን የደም ግፊት አብረን ስንበላ ኖርን!» ሳቁ። በሳቃቸው ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። «ያላ፣ አላህ ይቀበልሽ» ብለው ዘጉት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።

ወደ ቤቱ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነበር ሐኪሙ የመጣው። ለባላቸው ለሐጅ የሚፈቀደውን የጨው መጠን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። የተማርኩ በመሆኔ ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ። በሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መጠን አንድም ቀን አላለፍኩም፤ ከዚያው ድስት እኔም በላሁ። ያችን ብርጭቆ ደግሞ በየዓርቡ እሞላታለሁ። ባዶ ሆና አገኛታለሁ፣ እሞላታለሁ። ዘጠኝ ዓመት። ይህ ሁሉ ጨው ወዴት ይሄዳል ብዬ አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም፤ እኔ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ የጎደለችውን ሚሊግራም ሳላገኝ ወደ ቤቴ የማልሄድ የነበርኩት።

ቀይ ቀለሙን አየሁት። በግድግዳው ላይ ለአምስት ወር የተለጠፈው የአንድ ሽማግሌ የሕክምና ትእዛዝ ነው። ሀጀራ ልጇን «ጨው የምትረሳ» ያለቻት በእኔ ጥፋት ነው። ልጅቷም ዝም ያለችው ጥፋተኛ ስለሆነች አልነበረም። አስተማሪዋን ላለማሳፈር ነው።

ፀሐይ ለመግባት ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይቀራል። ጨው ማብዛት ቀላል ነው፤ ምን ያህል? በካርቶን ላይ ያለኝ ቁጥር ሁሉ የሐጅ ነው። ጾሜን ሳላፈርስ በምላሴ ጫፍ ነክቼ መትፋት ይፈቀድልኝ ይሆናል፤ ግን የቱ ምላስ? መስፈሪያው ራሱ የተሰበረ ነው።

እኔ በሕይወቴ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ ስለ ራሴ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ከጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ልጆች፣ ሥራ አቁሙ።»

አነስ ከበሩ ገባ። ፉጨቱን አቆመ።

«የጨዉ መጠን ስሕተት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሕተት ነበር። እኔ የምሠራበት ቤት በሽተኛ አለ፤ ያስተማርኳችሁ የእርሱን ምግብ ነው። ምላሴ ለምዶታልና አላወቅሁም።» ካርቶኑን ከግድግዳው ነቀልኩት። ሙጫው የግድግዳውን ቀለም ይዞ ወጣ። «ሀዲል ረስታ አታውቅም።»

አነስ አፉን ከፈተ፤ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። «እኔ ሆስፒታል ያልኩት…» አለና ተወው።

«አሁን ነክቶ የሚተፋ ሳይሆን ውጦ የሚቀምስ ሰው ያስፈልገናል» አልኩ። «እኔ አልጠቅምም።»

ይህን ካልኩ በኋላ ያለውን ቃል ማግኘት ከበደኝ። በወር ውስጥ ጾም የማይጸናባቸው ቀኖች ያሏት ሴት አትጾምም፤ ኃጢአት የለባትም፤ ነገር ግን አለመጾሟን ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም፤ ውሃዋን እንኳ በር ዘግታ ትጠጣለች። በአራት ወንድ ልጆች ፊት «ከእናንተ ማን ናት?» ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ? ዓይኔን ከወለሉ ላይ ማንሣት አቃተኝ። ከሰሉ ይንጣጣል።

«በረዶ!» ብሎ ጮኸ አነስ በድንገት። «ያላ ሸባብ፣ በረዶ አልገዛንም! አራታችንም እንሂድ፣ ይከብዳል።»

«በረዶውማ ጠዋት…» አለ ሙስዐብ።

«ይከብዳል አልኩህ!» ሸሚዙን ይዞ ጎተተው። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

አራቱ ልጃገረዶችና እኔ ቀረን። ማንም ማንንም አላየም። ከዚያ ሀዲል የራስ መሸፈኛዋን አስተካክላ ማንኪያ አነሣች። ከድስቱ ጠርዝ ጥቂት ጨለፈች፤ እፍ አለችበት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀመሰች።

«እ?» አልኩ፤ መጠበቅ አልቻልኩም።

«አሁን ተዪኝ፣ ኻልቶ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም።

ቆርቆሮውን አቀበልኳት። ማንኪያው በእጇ ነበር፤ አልተጠቀመችበትም። በጣቶቿ ቆንጥራ በተነች፤ አማሰለች፤ ጠበቀች፤ ቀመሰች። ደግማ በተነች። እኔ እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ ንጹሑን ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ሦስተኛውን ስትጨምር «በቃ!» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ፤ ተውኩት። ወደ ሁለተኛው ድስት አለፈች።

በዚህ አገር በረመዷን ሰው ትሪውን ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል። ሰሌን ያነጥፋል፤ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማል፤ ከቻለ መኪና ያስቆማል። ሰው ወደሌላው ሳይሄድ እኔ ዘንድ ያፍጥር ማለት ክብር ነው። ወንዶቹ ልጆች ትሪዎቹን አወጡ፤ እኔና ልጃገረዶቹ ከክበቡ በር ሥር ቆምን፤ ሀጀራም ከሥራዋ መጥታ ከአጠገባችን ሆነች። ፀሐይዋ ከቤቶቹ ኋላ ወረደች። ኡስታ አልሲር የሉም። ደወልኩ፤ ስልካቸው አይጠራም።

«ቀሩ» አለች ሀጀራ፤ ልጇን ሳታይ።

መግሪብ ሲጠራ አነስ የሻሹን ጫፍ እያውለበለበ መንገዱ መካከል ገብቶ አንድ ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ አስቆመ። ሾፌሩ እየሳቀ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪዎቹ መውረድ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። መቁጠሬን አሥራ አራት ላይ ተውኩት።

«ይህ ልጅ ጨረሰን!» አለች ሀዲል በጥርሶቿ መካከል።

ለኡስታ አልሲር አንድ ሳሕን ላስቀርላቸው እጄን ወደ ድስቱ ሰደድኩ። ሀዲል አየችኝ፤ እኔም እሷን አየኋት። የመንገደኛን ድርሻ መደበቅ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። እጄን መለስኩ። ትሪው እንደገና ተሞላ፤ እንደገና ባዶ ሆነ። በወንዶቹ መካከል ወሬ አይሰማም፤ የሚሰማው የእጅና የመዋጥ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን እየላሱ «ባረከላህ፣ የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ኡስታ አልሲር የደረሱት የሀፍላው ሰዎች ሲነሡ ነው። በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል።

«ይቅር በሉኝ!» አሉ ገና ከሩቅ። «ኩብሪውን በእግሬ ተሻገርኩ። ግን ወላሂ፣ ከድልድዩ ሥር ያዙኝ። ቀጠሮ አለኝ ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ልብሴን ይዘው ትሪያቸው ዙሪያ አስቀመጡኝ። ከእነርሱ ሳመልጥ ደግሞ ጣቢያው ጋ ያዙኝ።» ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «አሁን ልቤም ሆዴም ሞልቷል። የተረፈ ነገር አለ?»

ከድስቱ የተረፈ ነገር አልነበረም። ሀዲል ድስቱን አዘንብላ ከታች የያዘውን በዐሲዳ ቅርፊት ጠርጋ፣ በትንሽ ሳሕን አቀረበች። እርሳቸው በሩ ላይ እንደቆሙ ጎረሱ። አኘኩ። ደግመው ጎረሱ፤ የጠገበ ሰው እንዲያ አይጎርስም።

«ጨዉን የለካው ማን ነው?»

ሀዲል ወደ እኔ ዞረች። «እርሷ ናት» አልኩ። «እኔ ተሳስቼ ነበር፤ አረመችው።»

«በምን ለካሽ?»

መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሰው ፊት የማይባል ነው። ሀዲል ፊቷ ቀላ።

ኡስታ አልሲር ሳሕኑን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወጥ ቤቴ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ» አሉ፤ ለሳሕኑ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «እነርሱ ባይኖሩ በረመዷን ስንት ድስት ደፍቼ ነበር። አላህ ይስጣቸው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ስምሽ ማን ነው?»

«ሀዲል።»

«ከዒድ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን። መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፤ ጫማሽ የማያንሸራትት ይሁን። ኩብሪው ከተዘጋ በጀልባ ነይ።»

ሀጀራ ባዶውን ድስት አነሣች፤ በጣቷ ጠርዙን ጠርጋ ቀመሰች፤ ልጇን አየቻት፤ ከዚያም እኔን፤ ረጅም ጊዜ። ስለ አል-ጣኢፉ ቤት የነገረችኝ በማግስቱ ነው፦ ደውላ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላቸው ነበር።

ከልጃገረዶቹ አንዷ ሳትነግረን ለእኛ ቀድማ በትንሽ ጎድጓዳ ያስቀመጠችው ነበር፤ እሱን በሩ ሥር ተቀምጠን በላን። እነርሱ እየተሻሙ፣ እየተሳሳቁ ይበሉ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። አቃጠለኝ። የአፋር አሞሌ የላስኩ መሰለኝ።

«እንዴት ነው፣ ኻልቶ?» አለች ሀዲል።

«ልክ ነው» አልኳት።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፤ ሦስተኛውንም ቀዳሁ። ከዚያ ደግሜ ጎረስኩ።